ሰማያዊው መጽሐፍ እንዳለው

«ሽማግሌው ጃጅቷል እኮ!» የሚል ጩኸት ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ቤሪል ስፒሎቿን በከንፈሮቿ መሃል እንደያዘች ቀጥ አለች። መጋረጃው ጀርባ ያለው ደንበኛዋ ዴሪክ ስካት ነው፤ ሱሪውን አውልቆ፣ በሸሚዝና በካልሲ ቆሞ፣ በቅርቡ የገዛትን ተንቀሳቃሽ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያወራል። ሰው ስልክ ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ከጀመረ ወዲህ ጨርቅና ግድግዳ መለየት አቅቶታል። «የኮፈኗን ማሰሪያ ያዞራት ራሱ ነው፤ ሌላ ማን ይነካታል? መጽሐፉ በግራ ይላል፣ የሱ በቀኝ ነው፣ አለቀ! ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሰማያዊውን መጽሐፍ እናጸድቃለን፤ ከዚያ የሽማግሌው መኪና ‹የተነካካ› ተብላ መዝገብ ትገባለች፤ እኛም እንገላገላለን። ምን? ልጁማ ከኛ ጋር ነው! መጽሐፉን የጻፈው እሱ አይደል እንዴ?»

ጉድ በል የኮቨንትሪ ሰው! ሽማግሌው የተባሉት ሆራስ ታንዲ የቤሪል አባት ናቸው። ልጁ የተባለው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ኔቪል ነው። ሱቋ በር ላይ የተጻፈው ግን የፈታችው ባሏ ስም ስለሆነ፣ ዴሪክ ሱሪውን ያወለቀው የማን ልጅ ቤት እንደሆነ አያውቅም። የሚያሳጥረውን አዲስ ሱሪ ለብሶ ከመጋረጃው ወጥቶ መስታወቱ ፊት ተገተረ፤ እሷም ተንበርክካ የሱሪውን ጫፍ መለካት ጀመረች። የሃልስተን ስፖርት መኪና ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር መሆኑን፣ በየዓመቱ በውድድሩ ሜዳ መኪናዎቹን እየዞረ የሚዳኘውም እሱ መሆኑን ሳትጠይቀው ነገራት። ደረቱን ነፍቶ «ስድሳ ሁለት ብቻ ናቸው የተሠሩት፤ እያንዳንዷን ከውሸት መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም» አላት። አንዷ ስፒል ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገባች። «ኧረ ወጋሽኝ!» ብሎ ዘለለ። «ይቅርታ፣ እጄ ስቶ ነው» አለች ቤሪል፤ እጇ ግን አልሳተም። ሱሪው ማክሰኞ እንደሚደርስ፣ ዋጋውም አራት ፓውንድ ተኩል እንደሆነ ነገረችውና ከኋላው በሩን ቆለፈችው። ቅዳሜ ቀን ገና በአምስት ሰዓት ሱቅ መዝጋቷ ከእናቷ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

አባቷ ጋ ሁለት መንገድ ተሻግራ ነው የምትደርሰው፤ ፎሌስሂል ውስጥ፣ ከፊቷ አንድ መስኮት ብቻ ያላት ጠባብ ቀይ ጡብ ቤት ናት። ሆራስ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው የተጠበሰ ዳቦ ላይ የቆርቆሮ ባቄላ አፍስሰው ይበላሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም ግን ጠዋት ጠዋት ክራባት ያስራሉ። «ምነው በጊዜ? ሰው ሞተ?» አሏት። «አልሞተም፤ ሊገድሉ ግን ተዘጋጅተዋል» አለችና የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ጃጅቷል የተባለውን ልትዘለው አስባ ነበር፤ ንዴቷ አላስቻላትም፣ እሱንም ነገረቻቸው። ሆራስ ሹካቸውን አስቀመጡ። «የተነካካ አለ?» «አዎ፣ የተነካካ።» ሆራስ ሳህናቸውን ትክ ብለው አዩ። ቀጥሎ የተናገሩት ለባቄላው እንጂ ለሷ አይመስልም ነበር፦ «የስድሳ ሁለቱንም ማሰሪያ ቆዳ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሰፋሁትም እኔ ነኝ። የኋላው ኮፈን ላይ በቀኝ በኩል የመታሁትም እኔ ነኝ። በግራ ብታደርጊው ብሎኑ ውስጥ ለውስጥ የቤንዚኑን ቱቦ ይፈገፍገዋል፤ ይሄን የማያውቅ ሰው ነው እኔን የሚዳኘኝ? እሺ፣ እኔ ስሞት መኪናዋ ምን ተብላ ልትቀር ነው? ሽማግሌው ያበላሻት?»

ነገሩ ይኸው ነው እንግዲህ። ሆራስ ዋንጫ አይፈልጉም፤ መኪናዋንም አይሸጧትም። ይሠሩበት የነበረው የመኪና ፋብሪካ ሲዘጋ የገዟት ሰባተኛዋ ሃልስተን ጓሮ ያለው ቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ከነዋናው ቀለሟ፣ ከነዋናው ቆዳዋ ቆማለች። የሌሎቹ ኮፈን ተገጭቶ ተቀይሯል፣ ማሰሪያቸውም በስብሶ ተጥሏል፤ እንዳለች የቀረችው እሷ ብቻ ናት። የማኅበሩ አዲስ ደንብ ግን ዳኞች በአንድ መጽሐፍ ብቻ እንዲዳኙ ያዛል፤ ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመ መኪና መዝገቡ ላይ «የተነካካ» ይባላል፤ አንዴ የተጻፈ ደግሞ አይፋቅም። ሆራስ የሚፈልጉት በእጃቸው የሠሩት ነገር ውሸት ነው ተብሎ እንዳይጻፍ ብቻ ነበር፤ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ሌላ ደንብ እስኪወጣ የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም።

የኔቪል መጽሐፍ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከስልክ ማውጫው ሥር ተኝቶ ነበር። ኔቪል የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ፎሌስሂል መጥቶ «አባዬ፣ ይሄ እንዴት ነበር?» ብሎ አልጠየቀም። መጽሐፉ ሲወጣ ሠላሳ አምስት ፓውንድ የሚሸጠውን አንድ ቅጂ ፈርሞበት በገና ዕለት ሰጣቸው። ሆራስም አመስግነው ተቀበሉትና ሳይገልጡት አስቀመጡት፤ ያልተጠየቁበትን ነገር ምን ብለው ያንብቡት? ቤሪልም ገልጣው አታውቅም ነበር። አሁን አወጣችው፣ መነጽሯን አደረገች፣ አርባ ሰባተኛው ገጽ ላይ ደረሰች። ሰዉ ሁሉ የሚምልበት ፎቶ እሱ ነው፦ የመጀመሪያዋ ሃልስተን ከኋላ ተነስታ፣ ሸራዋ እስከ መስታወቷ ተጎትቶ፣ መሪዋ ሳይታይ፣ ታርጋ ገና ሳይለጠፍባት። ማሰሪያዋ በግራ ነው። አጠገቧ አባቷ ወጣት ሆነው፣ ቡናማ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፈኑን ተደግፈው ቆመዋል።

ቤሪል ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ ስትቀድና ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ መኪና አታውቅም። ዓይኗ ማሰሪያው ላይ አልቆመም፤ ካፖርቱ ላይ ሄደ። «አባዬ፣ የእማዬን ካፖርት ለብሰህ ሥራ ገብተህ ታውቃለህ እንዴ?» አለች። «አብደሻል?» አሏት። የወንድ ልብስ ቁልፉ በለባሹ ቀኝ፣ ቀዳዳው በግራው ነው፤ የሴት የዚህ ተቃራኒ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰፊ የለም። ፎቶው ላይ ያለው ካፖርት እንደ ሴት ተቆልፏል። የደረት ኪሱም፣ ከነእርሳሱ፣ በቀኝ ደረት ላይ ነው ያለው። ኔቪል ኔጋቲቩን ትምህርት ቤቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ራሱ ነበር ያጠበው፤ ራሱ ገልብጦ አጥቦት አባቱንም መኪናዋንም በመስታወት እንደሚያዩት አድርጎ አትሟቸዋል። ቤሪል ለአባቷ አንድም ቃል አልነገረቻቸውም፤ መጀመሪያ ወንድሟ ራሱ ስህተቱን እንዲያርም ዕድል ልትሰጠው ፈለገች። ደግ ነበረች ማለት ነው፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ።

ኔቪል የሚኖርበት ኤርልስደን በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው። ኔቪል በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የተናገረው «ደውለሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር» የሚል ነው። የመስታወት ግድግዳ ያለው ክፍል ውስጥ አስቀመጣት። ሚስቱ ሻይና ሁለት ብስኩት አቅርባ፣ ሰላምታዋን በአንገቷ ሰጥታ፣ ሌላ ክፍል ገብታ ሬዲዮ ከፈተች። ወንድምና እህት ዝናቡ መስታወቱን ሲመታ አዩ። ከመጋቢት ወዲህ አልተያዩም። ኔቪል መደርደሪያውን እያሳየ ማስተማር ጀመረ፤ ጡረታ ቢወጣም ማስተማር አልለቀቀውም። «ሰዎች መጽሐፍ መምረጥ አይችሉም፣ ቤሪል። የጥገና መጽሐፉ ብሎን እንዴት እንደሚጠብቅ ይነግርሻል እንጂ መኪናው ምን ይመስል እንደነበር አይነግርሽም። የመለዋወጫው ዝርዝር ‹ማሰሪያ፣ አንድ› ይላል፣ በየት በኩል እንደሆነ አይልም። የፎቶ መጽሐፍ የሚባሉት ደግሞ ትናንት የተወለወለውን መኪና ነው የሚያሳዩሽ። ሁሉን አስታርቆ የያዘው የኔ ብቻ ነው።» አባቱን ከምንጭ አልቆጠራቸውም።

«የወንድ ኮት ቁልፉ በየት በኩል ነው?» አለችው።

«ምን አገናኘው?»

መጽሐፉን ዘርግታ በጣቷ አሳየችው። ኔቪል ጎንበስ አለ፤ ቀጥሎ የራሱን ሹራብ አየ፤ እንደገና ፎቶውን አየ። ጆሮው ቀላ። ቤሪል አሁን «ተሳስቻለሁ» ይላል ብላ ጠበቀች። «የሰው ካፖርት ለብሶ ይሆናላ» አለ። «የሴት?» «ፋብሪካ ውስጥ ያገኙትን ይለብሱ ነበር።» ቤሪል ሻዩን ገፋችው። «ኔቪል፣ አባትህ በሕይወት አለ። ስልክ አንስተህ መጠየቅ አቅቶህ ነው?» «ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ሰው ያረጃል፣ ፎቶ ግን አያረጅም። ደግሞስ አስራ ዘጠኝ ሰው በዚህ መጽሐፍ መኪናውን አድሷል፤ በግራ በኩል ኮፈኑን በስቷል። አንቺ በአንድ ቁልፍ ተነስተሽ አስራ ዘጠኝ ሰው ጥፋተኛ ልታደርጊ ነው? የሱሪ ጫፍ ማጠፍና ታሪክ መጻፍ አንድ አይደለም።» ከእናቷ ማኅፀን የወጣ ሰው እንዲህ ይናገራል? «ጎሽ! እንግዲያው በዘጠኝ ሰዓት እንገናኛለን» አለችና ብስኩቱን ሳትነካ ወጣች። በሩ ድረስም አልሸኛት።

ስብሰባው ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ምንጣፉ የቆየ ቢራ ይሸታል፣ ማሞቂያው አይሠራም። ቤሪልና አባቷ በሰባተኛዋ ሃልስተን መጡ፤ ሆራስ እየነዱ፣ ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋባቸው። በር ላይ አቆሟት። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ቢሆንም ከአባላቱ አንዱም ወርዶ አላያትም። አስራ ስድስት ሰው ነበር። ቤሪል አባል ስላልሆነች ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ዴሪክ ስካት ሲያያት መጀመሪያ ግር አለው፤ ከዚያ ማን እንደሆነች ገባውና ዓይኑን ወደ ጣራው ሰቀለ። ጠረጴዛው ላይ ኔቪል የቆጠራቸው መጻሕፍት ከሱ መጽሐፍ ጋር አራት ሆነው ተደርድረዋል። አንዱ አባል የጥገና መጽሐፉን አነሳና «ይሄኛው ቢያንስ ዘይት ጠጥቷል፣ ሥራ ያውቃል» ብሎ ሰውን አሳቀ። ሌላው የፎቶ መጽሐፉን እያገላበጠ «ይሄ ለጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ነው» አለ። እንዲህ እየተሳሳቁ ሦስቱን ወዲያ አሉና ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ዴሪክ ጉሮሮውን ጠርጎ «ተቃውሞ ያለው?» ሲል ቤሪል ብድግ አለች።

አባል አይደለሽም አሏት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ተናገረች። ቁልፉን፣ ቀዳዳውን፣ የደረት ኪሱን፣ ሁሉንም አሳየቻቸው። ሁለት ሦስቱ የየራሳቸውን ኮት ቁልቁል ማየት ጀመሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ጉርምርምታ ተነሳ። ዴሪክ ግን ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው፤ ፈገግ ብሎ «ማን ያውቃል፣ ያን ቀን ጠዋት ሚስተር ታንዲ ከሚስታቸው ጋር ልብስ ተለዋውጠው ይሆናል!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሞተች እናቷን ነው የሚስቁባት። ቤሪል ወንድሟን አየችው። ኔቪል አልሳቀም፤ «ነውር ነው!» ብሎ አፍ ማዘጋትም ግን አልሞከረም። እስክሪብቶውን ይከፍታል ይዘጋል።

ሆራስ ያን ጊዜ ነው የተነሱት። ካፖርታቸውን አላወለቁም ነበር፤ ሁለት እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። «እስቲ ያን ፎቶ አሳዩኝ» አሉ። መጽሐፉን ከፍተው ፊታቸው ያዙላቸው፤ ያን ፎቶ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኔቪል፣ ጣት የጎደለኝ በየትኛው እጄ ነው?»

ሆራስ በፈረንጆች አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ የቆዳ መቁረጫው ሁለት ጣታቸውን ወስዶባቸዋል፤ ይሄን ኔቪልም ያውቃል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ግማሹ ሰውም ያውቃል። ፎቶው ላይም ኮፈኑን የተደገፈው እጅ ሦስት ጣት ብቻ እንዳለው አስተውሎ ላየው ሰው ይታያል። ቤሪል እንኳን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁልፉን እንጂ እጁን አላየችም ነበር፤ ራሷን ረገመች። ኔቪል አባቱን አየ። የአባቱን ኪሶች አየ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ለማስታወስ እየሞከረ እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ግልጽ ነበር፤ አልመጣለትም። ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ መጽሐፉ ሰበረና አርባ ሰባተኛውን ገጽ አየ።

«ቀኝ» አለ።

ሆራስ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ፣ መጽሐፉ አጠገብ አስቀመጡት። የጥገና መጽሐፉን ያመሰገነው ሰውዬ «የጌታ ያለህ» አለ ለራሱ። ቤሪል ልትጮህም ልታለቅስም ፈለገች፤ እፍረቱ የወንድሟ ሆኖ ሳለ ፊቷ በእፍረት ጋለ። አሸነፍን ብላ አሰበች ግን። እጅ አይዋሽ! ከዚህ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል?

ዴሪክ ስካት ከፈተ። «እሺ» አለ፤ አሁን ፈገግታው የለም። «ፎቶው ተገልብጧል እንበል። የኔም መኪና በግራ ነው የተበሳው፤ ከበሳሁት አራት ዓመቴ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው አስራ አንዳችን በስተናል፤ ሌሎች ስምንት እዚህ የሌሉም አሉ። እንግዲህ ንገሩኝ፦ አስራ ዘጠኝ መኪና የተነካካ ብዬ ልጻፍ ወይስ አንድ?» የበሱት ሁሉ አቀረቀሩ። «ሚስተር ታንዲ፣ እርስዎን ለማስከፋት አይደለም። ማኅበሩ መኖር አለበት። ሰማያዊውን መጽሐፍ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።»

እጆች ወጡ፤ አንዳንዶቹ ቶሎ፣ አንዳንዶቹ ጎረቤታቸውን አይተው። ኮታቸውን ቁልቁል ሲያዩ የነበሩትም አወጡ። ዴሪክ ቆጥሮ አስር ላይ ደረሰና ኔቪልን አየው፤ ከበሱት አስራ አንዱ አንደኛው ኔቪል ነው። ኔቪል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እጁን ከፍ አደረገ። አምስት ሰዎች ተቃወሙ፣ አንዱ ሆራስ ናቸው። ዴሪክ መዝገቡን ስቦ፣ ሰባት ቁጥር ፊት ለፊት፣ በሆራስ ዓይን ሥር፣ «የተነካካ» ብሎ ጻፈና ቀኑን አከለበት። ሆራስ እስኪጨርስ ቆመው አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አደረጉ።

ቤሪል ተከትላቸው ስትወጣ፣ ኔቪል ወንበሩን ገፍትሮ ከኋላቸው መጣ። የመጠጥ ቤቱ ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ሆራስ አፋፉ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። «አባዬ፣ ላግዝህ» አለና ክንዳቸውን ያዘ። «አባዬ፣ ስማኝ፣ ሁለተኛው እትም ላይ…»

«ስንት ዓመትህ ነው?» አሉት ሆራስ።

«ሃምሳ አንድ።»

«ይሄ ነገር ሲደርስብኝ ገና ሁለት ዓመትህ ነበር።» ግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው አላሳዩትም፤ ማሳየት የታከታቸው ይመስላል። «ጫማህን ያሰርኩልህ በዚች እጅ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት አንድ ማዕድ ቀርበናል፣ ኔቪል።»

ሆራስ ክንዳቸውን ከእጁ አላቀቁና የደረጃውን መደገፊያ በሦስት ጣታቸው ይዘው፣ አንድ አንድ ደረጃ እየቆሙ፣ ብቻቸውን ወረዱ።